ፍሊት ፍሊት የሚለው ሽቶ

ጥቅምት 24

የዚህ ዙር የመጨረሻ ፍሊት ዛሬ ወጣ። እዚህ ጎንደር፣ የሚነፋ ቆርቆሮ መሙያችን ውስጥ፣ ከመስከረም ጀምሮ ከፍሊት ሌላ ነገር አልሞላንም። ክረምቱ ሲወጣ ወባ ይነሳል፣ ከደንቢያና ከመተማ በኩል ስልኩ አያርፍም፣ እኛም ከጠዋት እስከ ማታ ፍሊት ነው። አሁን ደግሞ ገናና ጥምቀት እየመጡ ነው። ጋሼ (ባለቤቱን ሁላችንም እንደዚህ ነው የምንላቸው) «በሉ ወደ ቤት ሽቶው ግቡ» ብለው ሄደዋል። ግቡ ማለት ቀላል ነው።

ይህን ማስታወሻ የጀመርኩት በአምናው ጉድ ምክንያት ነው። አምና በዚሁ ወቅት ፍሊቱን ጨርሰን፣ መስመሩን «አጥበን»፣ 600 ቆርቆሮ የላቬንደር ሽቶ ሞላን። በሳምንቱ ፒያሳ ያሉ ሁለት ሱቆች መለሱት። አንዷ ባለሱቅ አንዱን ቆርቆሮ ፊቴ ላይ ልትነፋው ምንም አልቀራት፣ «ልጄ፣ ይሄ እንግዳ መቀበያ ነው ወይስ ዝንብ መሸኛ?» አለችኝ። እኔ ምን ልበል? አፍንጫዋ ልክ ነበር። መጀመሪያ ላቬንደር ይሸታል፣ ትንሽ ቆይቶ ከኋላው ፍሊቱ ብቅ ይላል። ሽታው ብቻ ቢሆን ደግ ነው፣ መድኃኒቱም አብሮ ወጥቶ ይሆናላ። ሰው አልጋው ላይ የሚነፋው ነገር ነው።

ዘንድሮ እንዲህ እንዲደገም አልፈልግም። የሠራሁትን በየቀኑ እጽፋለሁ፣ የተሳሳትኩትንም ጭምር።

ማሽኑን ለማያውቅ፣ ሥራው ሦስት እርምጃ ነው። ባዶው ቆርቆሮ ይመጣል፣ ፈሳሹ ይገባበታል። የእኛ ፍሊት ሽታው የወጣለት ነጭ ጋዝ ውስጥ የሟሙ ፐርሜትሪንና ቴትራሜትሪን የሚባሉ የነፍሳት መድኃኒቶች ናቸው። ከዚያ ቫልቩ (ሲጫኑት የሚነፋው አፍ) ይቀመጣል፣ የማሸጊያው መንጋጋ ወደ ውስጥ ገብቶ ይከፈትና ቫልቩን ከቆርቆሮው አፍ ጋር ያስጨብጠዋል። በመጨረሻ ግፊት የሚሰጠው ጋዝ በቫልቩ በኩል ይሞላል። ሦስቱም ራሶች የሚሠሩት በታመቀ አየር ነው። መሙያው ክፍል ውስጥ የኤሌክትሪክ ሞተር የለም፣ እንዲኖርም አንፈልግም።

አንድ ነገር ከመርሳቴ በፊት። እኛ ጋ «ጋዝ» ሁለት ነው። አንዱ ነጭ ጋዙ፣ ሌላው ከቡታ ጋዝ ወገን የሆነው ገፊው። አዲሱ ልጅ የመጣ ሰሞን «ጋዙን ዝጋ» ብዬው የነጭ ጋዙን በርሜል ዘግቶ መጣ። ሌላኛው ክፍት ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ አንዱን «ነጩ»፣ ሌላውን «ገፊው» እንለዋለን።

ጥቅምት 25

ዛሬ ገፊውን ከመስመሩ ማስወጣት ብቻ ነበር ሥራችን። አምና ከእጥበቱ ነው የጀመርነው፣ ያ ሞኝነት ነበር። ጋዝ ያለበትን መስመር መፍታት አይቻልም፣ ያልተፈታ መስመር ደግሞ አይታጠብም።

ትናንት የመጨረሻዎቹ ቆርቆሮዎች ሲቀሩ ሲሊንደሩን ቀድሜ ዘግቼው ነበር። ቱቦው ውስጥ ያለው ጋዝ አየር ላይ ከሚባክን ቆርቆሮ ውስጥ ይግባ ብዬ ነው። 14 ቆርቆሮ ሞላ፣ የመጨረሻዎቹ 5 ሚዛን ላይ ጎደሉና ለብቻ ተቀመጡ። እነሱ አይሸጡም፣ እኛው እንነፋቸዋለን።

የቀረውን በረጅም ቱቦ ወደ ውጭ፣ ነፋሱ ወደሚሄድበት ወደ ክፍቱ ሜዳ ለቀቅነው። ቀስ ብሎ ነው የሚለቀቀው። ፈሳሹ ጋዝ ወደ አየር ሲቀየር መጠኑ ከ200 እጥፍ በላይ ያድጋል፣ ስለዚህ «ትንሽ ናት» የሚባል ነገር የለም። ናሱ መገጣጠሚያ ላይ አመዳይ ያዘ። ልጁ በጣቱ ሊነካው ሲል እጁን መታሁት፣ ቆዳ ይዞ ይቀራል።

ከሁሉም የሚያስፈራኝ ይሄ ጋዝ አለመሽተቱ ነው። ቤት የምናበስልበት ቡታ ጋዝ ሲያፈስ እንዲታወቅ ተብሎ ሽታ ይጨመርበታል። ለሽቶና ለፍሊት የሚሆነው ግን ሽታ የለውም፣ ያለበለዚያ ሽቶውን ያበላሸዋል። አፍንጫህን አምነህ እዚህ መሥራት አትችልም። ከአየር ስለሚከብድ ደግሞ ወለል ላይ ይተኛል፣ ጉድጓድና ቦይ ውስጥ ይገባል። ከአየሩ 2 በመቶ ገደማ ከሆነ ለመቀጣጠል በቂ ነው። ስለዚህ የጋዝ መፈተሻውን በደረቴ ልክ ይዤ አልዞርም፣ በቁርጭምጭሚቴ ልክ ነው። ጎንበስ ብዬ ስዞር ያየኝ ሁሉ ሳንቲም የጠፋኝ ይመስለዋል።

በመጨረሻ መስመሩን በናይትሮጅን ሦስት ጊዜ ሞልቼ ለቀቅኩ። ኮምፕሬሰሩ እያለ ለምን ናይትሮጅን ያሉኝ ነበሩ። አየር ኦክስጅን አለው። ቱቦ ውስጥ ከተረፈው ጋዝ ጋር ሲገናኝ፣ ያ ቱቦ ራሱ ፈንጂ ሆነ ማለት ነው። ናይትሮጅኑ ውድ ነው፣ ሲሊንደሩም ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው። ይሁን።

ዘበኛችን አባባ ዛሬ ከሰል አልያዙም። ስልኮች በሩ ላይ ቀሩ። ቡና አልተጠጣም። ከሁሉም የከበደው ይሄኛው ነው።

ጥቅምት 27

የፈሳሹ መስመር ጀመረ። ገንዳውን፣ የፒስተኑን ሲሊንደርና ቱቦዎቹን አንጠፈጠፍን። 3 ሊትር ተኩል ወጣ። እሱ ንጹህ ፍሊት ነው፣ ታሽጎ ተቀመጠ።

ከተንጠፈጠፈ በኋላም ግድግዳው ላይ ተጣብቆ የሚቀር አለ። ቱቦውን ፈትቼ ሰቅዬው አደርኩና ጠዋት ከሥሩ የተጠራቀመውን ለካሁት፣ ከሌላው ጋር ሲደመር ግማሽ ሊትር ገደማ ይሆናል። አምና ይሄን በ6 ሊትር ንጹህ ነጭ ጋዝ አንድ ጊዜ አጥበን «በቃ» ብለን ነበር። እስቲ አብረን እናስላው። ግማሽ ሊትር በ6 ሊትር ተበርዞ፣ ግማሽ ሊትሩ እንደገና ተጣብቆ ሲቀር፣ ከመጀመሪያው መድኃኒት 13ኛው እጅ አለ። ያንኑ 6 ሊትር ሦስት ቦታ ከፍለህ በ2 በ2 ሊትር ብታጥብና በየመሃሉ በደንብ ብታንጠፈጥፍ ግን የሚቀረው 125ኛው እጅ ነው። ነጩ ያው ነው፣ ሥራው ያው ነው፣ ልዩነቱ ግን 10 እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው። አምና ይሄን በወረቀት ላይ ለማስላት ሁለት ደቂቃ አልነበረኝም፣ 600 ቆርቆሮ ለመመለስ ግን ጊዜ ነበረኝ።

የታጠበበትን ነጭ ጋዝ አልደፋነውም። ሦስቱም በየጀሪካኑ ገብተው ተጻፈባቸው፦ «የፍሊት እጥበት 1፣ 2፣ 3»። ለሚቀጥለው ፍሊት ማሟሚያ ሆነው ይገባሉ፣ መድኃኒቱም ነጩም ያው የራሱ ስለሆነ። ሌላ ምርት ውስጥ ግን በፍጹም።

ስናጥብ ባልዲው ብረት ነበር፣ በሽቦ ከመሬት ጋር የተያያዘ። ነጭ ጋዝ በፕላስቲክ ቱቦ ሲሮጥ ኤሌክትሪክ ይፈጥራል፣ አየሩ ሲደርቅ ደግሞ ይብሳል። ጎንደር ከጥቅምት ወዲያ እንዴት እንደሚደርቅ የተሰነጠቀ ከንፈሬ ይመስክር። ልጁ ናይለን ጃኬት ለብሶ መጥቶ ነበር፣ አስወልቄ የእኔን ጥጥ ካፖርት ሰጠሁት። ለራሱ ሁለት እጥፍ ሆነበት።

ጥቅምት 28

ጉንጬ ተቃጠለ። በጓንቱ ላብ የጠረግኩ ይመስለኛል። የእነዚህ መድኃኒቶች ጠባይ ነው፣ ቆዳው አይቀላም፣ አይላጥም፣ ግን ሚጥሚጣ እንደነካው ይለበልባል፣ ፀሐይ ሲያገኘው ደግሞ ይብስበታል። በሳሙናና በቀዝቃዛ ውሃ ታጠብኩ። እስከ ማታ ለቀቀኝ።

የነጩ ላስቲክ ጓንት ነጭ ጋዝ ሲነካው ያብጣል፣ ይላላል፣ ከዚያ ያስገባል። ስለዚህ ዘይት የሚችለውን ሰማያዊውን ናይትራይል ነው የምንጠቀመው። እሱም ቢሆን ፊት ላይ ከጠረግክበት ምን ያደርግልሃል?

ድመቷን ከግቢው አስወጣናት። ፐርሜትሪን ለድመት መርዝ ነው፣ ጉበቷ አይፈጨውም። አባባ አቅፈዋት ጎረቤት አደረሷት። ወዲያው ተመልሳ መጣች። በሩ ሥር ጣውላ መታንበት።

ጥቅምት 30

ውሃ የለም። ፈረቃው ትናንት ነበር፣ አልመጣም። ሮቶው ከወገቡ በታች ነው። በሳሙና የሚታጠበው ዛሬ ነበር፣ ቆመ።

ቁጭ ብዬ ስጠብቅ እናቴ ጋን ስታጥብ ትዝ አለችኝ። ጠላ ሊጠመቅ ሲል ጋኑን በግራዋ ፈትጋ ፈትጋ ታጥበዋለች፣ ታለቀልቀዋለች፣ አሁንም በግራዋ፣ ከዚያ ገልብጣ ታደርቀውና በወይራ ታጥነዋለች። ከዚህ ሁሉ በኋላ ጭንቅላቷን ጋኑ ውስጥ ከትታ ታሸታለች። ልክ ካልሆነ «ይሄ አሁንም የፋሲካውን ጠላ ያስታውሳል» ትልና እንደገና ከመጀመሪያው። እኔ ደግሞ ልጅ ሆኜ፣ ንጹህ ሆኖ እያየሁት፣ ምን ነካት እል ነበር። ጋን ጠላውን የሚደብቀው በሰውነቱ ውስጥ ነው፣ ላዩ ላይ አይደለም። 

ጭንቅላቴን ገንዳው ውስጥ ልክተት እንዳልል፣ ይሄ ፍሊት ነው።

ኅዳር 2

ውሃ በጋሪ ገዛን፣ 20 ጀሪካን። ሮቶው ትንሽ ነፍስ ዘራ።

ነጭ ጋዝና ውሃ አይስማሙም፣ ስለዚህ በቀጥታ ውሃ ብትለቅበት ቅባቱን አልፎት ይሄዳል። መሃል ላይ አስታራቂ ያስፈልጋል፣ ሳሙና። ለብ ያለ ውሃ፣ ፈሳሽ ሳሙና፣ ትንሽ የልብስ ሶዳ። ፒስተኑ ለ20 ደቂቃ ያንኑ እየሳበ እየተፋ እንዲዞር አደረግን። ኦሞ ይሻላል ያለ ነበር፣ አረፋውን ለማስወጣት ግን ከገዛነው ውሃ ሦስት እጥፍ ይፈልጋል።

እዚህ ላይ ከጋሼ ጋር ትንሽ ተጋጨን። ጋሼ «በረኪና ጨምርበት፣ ሽታ ሙልጭ አድርጎ ነው የሚያጠፋው» አሉ። ጋሼ፣ ገንዳው አይዝጌ ብረት ነው፣ በረኪና ቀዳዳ ቀዳዳ ያወጣበታል፣ ያ ቀዳዳ ደግሞ ለሚቀጥለው ቆሻሻ ቤት ይሆናል ብዬ አስረዳኋቸው። «እሺ ኮስቲክ ሶዳስ?» ኮስቲኩ ለአይዝጌው አይከፋም፣ ግን መሙያው ራስ ላይ የአልሙኒየም ክፍሎች አሉ። ኮስቲክ አልሙኒየምን ይበላል፣ ሲበላ ደግሞ ሃይድሮጅን ያወጣል፣ እሱም የሚቀጣጠል ጋዝ ነው። አንዱን ጋዝ አስወጥቼ ሌላ ልሥራ? ዝም አሉ። ትንሽ ቆይተው «አፍልተህ ብታጥበውስ?» እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ 93 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፣ ፐርሜትሪን ደግሞ በዚህ ሙቀት ተንኖ አይሄድም፣ የሚቃጠለው የእኛ እጅ ነው። ለብ ያለው ይበቃል። ጋሼ ሳቁና «አንተ ልጅ ሁሉን እምቢ» ብለው ሄዱ።

የታጠበበት ውሃ በርሜል ገባ። ቦይ ውስጥ አይደፋም። ከእኛ ቦይ የወረደ ነገር መጨረሻው መገጭ ወንዝ ነው፣ መገጭ ደግሞ ጣና ይገባል። ይሄ መድኃኒት ትንኝ ላይ ከሚሠራው በላይ ዓሣ ላይ ይሠራል፣ በሊትር ከሚሊግራም ሺህኛ በሚቆጠር መጠን ይገድላል። አምና የት እንደደፋነው አልጽፍም። አፈርኩ።

ኅዳር 4

ሁለት ጊዜ በውሃ ተለቀለቀ፣ ከዚያ በአልኮል። አልኮሉ ሁለት ሥራ አለው፣ የቀረውን ውሃ ይዞ ይወጣል፣ የቀረውን መድኃኒትም ያሟሟል። ውሃ ቱቦ ውስጥ ከተኛ በሦስት በአራት ቀን ይሸታል፣ ሽቶአችን ደግሞ በውሃ የተሠራ ስለሆነ የባክቴሪያ ሠርግ ቤት ይሆናል።

አሁን መፈተኑ ነው። ላቦራቶሪ የለንም። ያለን ዝንብ ነው።

አትሳቁ። የመጨረሻውን የአልኮል እጥበት ጥቂት ወስጄ ነጭ ወረቀት ላይ አፈሰስኩና ውጭ ላይ እስኪደርቅ ተውኩት። ሌላ ወረቀት ላይ ደግሞ ምንም ያልነካው አልኮል። ሁለቱን ወረቀቶች በሁለት የማርማላታ ጠርሙሶች ውስጥ ከተትኩ፣ በየጠርሙሱ 5 ዝንብ፣ አፉ ላይ አቡጀዲ። ዝንቦቹን ልጁ ነው የያዘው፣ ቅዳሜ ገበያ ሥጋ ቤቶቹ ጋ ሄዶ። እንዴት እንደያዛቸው አልጠየቅሁትም። ሁለተኛው ጠርሙስ ያስፈለገው ዝንብ በራሱም ስለሚሞት ነው፣ በአልኮሉም፣ በሙቀቱም፣ በጭንቀትም።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ከንጹሁ ጠርሙስ 5ቱም ይበራሉ። ከእኛ ጠርሙስ 4ቱ በጀርባቸው ተኝተው እግራቸውን ያወራጫሉ።

ንጹህ መስሎኝ ነበር። በነጭ ጨርቅ ስጠርገው ምንም አልያዘም። ተቀምጬ ሁለቱን ጠርሙሶች አየኋቸው።

ኅዳር 5

ጋኑ። ሌሊት ነው የመጣልኝ።

ገንዳው ብረት ነው፣ ሲሊንደሩ ብረት ነው፣ ብረት አይጠጣም። የሚጠጣው ጎማው ነው። ጠዋት እንደገባሁ ካቻቢቴና ፒንሳ ይዤ የመሙያውን ራስ ሙሉ በሙሉ ፈታሁት። ከውስጡ 7 ኦሪንግ (የማሸጊያ ጎማ ቀለበት) ወጣ። አራቱ ደህና ናቸው፣ ጥቁር ጠንካራ። ሦስቱ ግን አብጠዋል፣ ልክ እንደ ራሰ ባቄላ። በጥፍሬ ስጫናቸው ላብ አላቸው። አንዱማ ኦሪንግም አይደለም፣ ከመኪና ከመነዳሪ ተቆርጦ የገባ ነው። ማን አስገባው? እጅ ያወጣ የለም። እኔ ልሆን እችላለሁ፣ ካቻምና ግንቦት ላይ አንድ ቅዳሜ ማታ የሚያፈስ ነገር «ለጊዜው» ያቆምኩ ይመስለኛል። ለጊዜው ያልነው ነገር ነው ዓመት የሚቆየው።

የመኪና ከመነዳሪ ዘይት አይችልም፣ ነጭ ጋዝ ሲያገኝ እንደ ስፖንጅ ይጠጣል፣ መድኃኒቱንም ከነጩ ጋር። ከዚያ አንተ ስታጥብ ላዩ ይታጠባል፣ ሽቶ ስትሞላበት ደግሞ በየቆርቆሮው ጠብ ጠብ እያለ ይተፋል። አምና ሽቶው መጀመሪያ ጥሩ፣ ቆይቶ ፍሊት የሆነው ለዚህ ነው።

ሁለተኛም ተገኘ። የግፊት መለኪያው የተሰካባት አጭር ቅርንጫፍ ቧንቧ አለች፣ ጣት የምታህል። ፈሳሹ በዋናው መስመር ያልፋል፣ እሷ ውስጥ ግን ይቆማል። ማሽኑ ቢዞር ቢዞር እዚያ የሚደርስ እጥበት የለም። መለኪያውን ስፈታው ግማሽ የቡና ሲኒ ቢጫ ፍሊት ወጣ። ስምንት ቀን ሙሉ በነጩም፣ በሳሙናውም፣ በአልኮሉም አጠገቧ ስናልፍ ዝም ብላ ታየን ነበር።

ኅዳር 6

ጎማዎቹን ቀየርን። ከዛሬ ጀምሮ ሁለት ስብስብ አለ፦ የፍሊት ጎማና የሽቶ ጎማ። የፍሊቱ በቀይ ክር ታስሮ ከፍሊት ጀሪካኑ ጋር ይቀመጣል፣ የሽቶው በነጭ ክር። ለሽቶው ቴፍሎን ባገኘንበት ቴፍሎን ገባ፣ እሱ ሽቶም አይጠጣም። ቱቦውም ሁለት ሆነ። ጋሼ ዋጋውን ሲሰሙ አንዴ ቆመው አንዴ ተቀመጡ፣ የአምናውን 600 ቆርቆሮ ሳስታውሳቸው ግን ፈረሙ።

መለኪያዋን ከቅርንጫፉ አንስቼ ዋናው መስመር አፍ ላይ አጠጋኋት፣ ኪሱ አሁን የለም።

ኅዳር 8

ማሸጊያው መንጋጋ። እዚህ ብዙ አልቆይም። ከመንጋጋው ጥርሶች መሃል የቀለም ፍርፋሪ፣ የቆርቆሮ ብናኝ፣ ከነጩ ጋር የተቦካ ጥቁር ጭቃ ወጣ። በጥርስ ብሩሽና በአልኮል። ሽቦ ብሩሽ አይነካውም፣ ይጭረዋል። ከታጠበ በኋላ 10 ቆርቆሮ በባዶው አሽጌ ለካሁ። የቆርቆሮው አፍ 25.4 ሚሊ ነው፣ የታሸገው ከዳር እስከ ዳር ስፋቱ 27.2 ሚሊ ገደማ መምጣት አለበት፣ ጥልቀቱ 5 ሚሊ ገደማ። ከመታጠቡ በፊት 26.9 እና 27.4 እየተዘባረቀ ነበር። ቆሻሻው ነው። እኛ ደግሞ የቫልቩን አምራች ስናማ ከረምን።

ማታ እንደገና ዝንብ። ከእኛ ጠርሙስ 5ቱም ይበራሉ፣ ከንጹሁ ደግሞ አንዱ ሞተ። ልጁ «እንግዲህ ከንጹሁም በለጥን» አለ። ያ እንኳ ሟች ከመጀመሪያውም ደከም ያለ ነበር። ለማንኛውም ደገምኩት፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ 10ሩም በሕይወት። ለቀቅኳቸው፣ ጋሼ ቢሮ ገቡ።

ኅዳር 11

ገፊውን ነገ ልንመልስ ተዘጋጅተን ነበር። ሠራተኛው ተነግሮታል፣ ቆርቆሮው ተደርድሯል። አባባ በሩ ላይ ዱላቸውን ተደግፈው ሲያዩን ቆዩና፣

«ነገ ነው እንዴ የምትሞሉት?» አሉ።

«አዎ አባባ፣ ምነው?»

«ነገ እኮ 12 ነው።»

ለካ! ኅዳር ሊታጠን ነው። እኔ ሚካኤልነቱን አስቤ ነበር፣ እሳቱን ረስቻለሁ። ነገ ጠዋት ሰፈሩ ሁሉ ጥራጊውን ከየቤቱ አውጥቶ በር በሩ ላይ ያነዳል። በ1911 ዓ.ም. የገባው የኅዳር በሽታ ሰውን ሲያረግፍ ጊዜ የመጣ ልማድ ነው፣ ዛሬም በሽታው ይውጣ ተብሎ ይታጠናል። ከእኛ አጥር ማዶ ያሉት እናቶች ደግሞ ክረምቱን ሙሉ ያጠራቀሙት የበቆሎ አገዳ አላቸው። እኛ ደግሞ በዚያው ሰዓት፣ ሽታ የሌለው፣ ወለል ለወለል የሚሄድ ጋዝ፣ ገና ባልተሞከረ አዲስ መገጣጠሚያ ልንለቅ!

«አንቱ ባይኖሩ ምን ይውጠን ነበር» አልኳቸው። «ቡናዬን አስከልክለህ ሰንብተሃል፣ እኔ ግን ክፉ አልመለስኩልህም» አሉኝ።

ሲሊንደሮቹ እንደተዘጉ ያድራሉ። አጥር ለአጥር ያለው ደረቅ ሣር ታጨደ። አሸዋ በባልዲ፣ እሳት ማጥፊያዎቹ በር ላይ።

ኅዳር 12

ጭስ። ከማራኪ እስከ አዘዞ ሰማዩ ግራጫ ነው። ሥራ የለም። አጥር ላይ የወደቀ አንድ ብልጭታ አይቻለሁ፣ ጠፋ። አባባ የግቢያችንን ጥራጊ ራቅ አድርገው ሜዳው ላይ አነደዱ፣ ካልታጠነ አይሆንም አሉ።

ኅዳር 14

ገፊው ተመለሰ። መጀመሪያ በናይትሮጅን ግፊት ሰጥቼ መገጣጠሚያውን ሁሉ በሳሙና አረፋ ቀባሁ። አንዷ ቦታ አረፋ ሠራች፣ ናሷን በግማሽ ዙር ሳጠብቃት ዝም አለች። ይሄ አረፋ ትናንት ወዲያ ቢወጣ ኖሮ ብዬ እንዳላስብ ሥራ ያዝኩ። መፈተሻውን ይዤ እንደገና ሳንቲሜን ፈለግኩ። ባዶ ነው።

ከሰዓት የመጀመሪያው ላቬንደር ተሞላ። የመጀመሪያዎቹ 20 ቆርቆሮዎች አይሸጡም፣ ቱቦ ውስጥ የቀረውን አልኮል የሚያጥቡ ናቸው። ሁሉም 50 እስከ 55 ዲግሪ የሚሆነው ሙቅ ውሃ ውስጥ ገብተው አረፋ የሚያወጣ ይታያል፣ 2 አወጡ፣ ወጡ። ከ21ኛው፣ ከ50ኛውና ከ100ኛው በወረቀት ላይ ነፍቼ ሌሊቱን ተውኳቸው። ላቬንደሩ ቶሎ ይበራል፣ ፍሊት ካለ የሚቀረው እሱ ነው፣ ስለዚህ የምናሸተው ጠዋት ነው።

ኅዳር 15

ጾም ገባ። ወረቀቶቹን አራት ሰው አሸተተ። እኔ በአስራ አምስት ቀን ውስጥ አፍንጫዬ ስለሞተ ድምፄ አይቆጠርም። ሦስቱ ምንም የለም አሉ። ልጁ 21ኛው ላይ «ትንሽ አልኮል» አለ፣ ልክ ነው፣ ስለዚህ የሚጣሉት ከ20 ወደ 30 ከፍ አሉ። ዝንቦቹም ተጠየቁ። በረሩ።

ኅዳር 16

240 ቆርቆሮ ወጣ። ፒያሳ ላለችው ባለሱቅ 6 ቆርቆሮ በነፃ ወሰድኩላት። ነፋችው፣ ተመለከተችኝ፣ በሩን ዘግታ ትንሽ ጠበቀች፣ እንደገና አሸተተች። «ተወው እስከ ነገ» አለችኝ። ልክ ነች።

የቀሩኝ፦ የሳሙናው ውሃ ሁለት በርሜል ሙሉ ጥላ ሥር ተቀምጧል፣ ታሽጓል፣ በቀይ ቀለም «አይደፋም» ተብሎ ተጽፎበታል። የት እንደሚሄድ ጋሼ እየጠየቁ ነው። አባባ ደግሞ አንዱን በርሜል የቡና ጠረጴዛ ሊያደርጉት አስበው ነበር፣ አስነሳኋቸው። ጥር መጨረሻ ላይ ወደ ፍሊት ስንመለስ መንገዱ በተቃራኒው ነው፣ ያኔ የሚያስቸግረን የሚቀረው ውሃ ነው። ነጭ ጋዙ ሥር አንድ ጠብታ ከተኛች ቆርቆሮውን ከውስጥ ታዝገዋለች። ስለዚህ የአልኮሉ እጥበት ሁለት ጊዜ፣ ቱቦው ተሰቅሎ ያድራል፣ ቀይ ክር ያላቸው ጎማዎች ይመለሳሉ። የመለኪያዋን ኪስ አሁን ማየት አያስፈልግም፣ ከልማድ ግን አያታለሁ።